ማዘጋጃ ቤት ምን ያዘጋጃል?

በአማርኛችን ውስጥ ሳናስተውላቸው የምናልፋቸው የሚያምሩ ስሞች አሉ። «ማዘጋጃ ቤት» አንዱ ነው። ሌላው ዓለም ይህንኑ ቤት «የከተማ አዳራሽ» እያለ ሲጠራው እኛ ግን በሥራው ሰየምነው፤ የሚያዘጋጅ ቤት፣ ለነዋሪው ኑሮን የሚያሰናዳ ቤት አልነው። ስሙን ያወጣው ሰው ማን እንደሆነ ባላውቅም፣ ስለ ከተማ ጥሩ ሐሳብ የነበረው ሰው መሆን አለበት።

በአነጋገራችን ደግሞ ይህ ቤት ዕድሜ ልካችንን ይከተለናል። ድል ያለ ድግስ ያልደገሱ ሙሽሮች «ማዘጋጃ ሄደን ተፈራረምን» ይላሉ። ቤት የገዛ ሰው ካርታው በስሙ እስኪዞርለት ድረስ የማዘጋጃን ደጅ ይጠናል። ወገን ዘመድ ያልተገኘለት ሰው ሲሞት «ማዘጋጃ ቀበረው» ይባላል። ይህ አባባል ሲሰሙት ያሳዝናል፤ ግን ትልቅ ቃል ኪዳን አለበት። በከተማ ውስጥ ማንም ሰው ባለቤት አልባ ሆኖ አይቀርም ማለት ነው። ዛሬ ልደትም ጋብቻም ሞትም በየቀበሌው በክብር መዝገብ ሹም ይመዘገባል፤ ቢሆንም በብዙዎቻችን አፍ ላይ ነገሩ ሁሉ አሁንም «ማዘጋጃ» ነው።

የሰባት ዓመት ልጄ ባለፈው ወር በመኪና ስናልፍ «አባዬ፣ ማዘጋጃ ምን ያዘጋጃል?» ብላ ጠየቀችኝ። «ወረቀት» አልኳት። «ወረቀት ብቻ?» አለች። የዚህ ወር ጽሑፌ የተወለደው ከዚች ጥያቄ ነው። በማርኬቲንግ ሥራ ላይ ያለ ሰው አንድ ነገር ቶሎ ይማራል፤ ደንበኛ ስለ አንድ ድርጅት የሚያምነው ማስታወቂያው የሚለውን ሳይሆን እንግዳ መቀበያው ላይ ያየውን ነው። ከተማም እንደዚያው ይመስለኛል። ከተማው ነዋሪውን ምን ያህል እንደሚያከብር የሚናገረው በመግቢያው ላይ የተሰቀለው «እንኳን ደህና መጡ» ሳይሆን የማዘጋጃ ቤቱ ደጅ፣ ደረጃና ወንበር ነው።

ከዋርካው ጥላ እስከ ግንቡ

የጋራ ጉዳይ የሚያልቅበት ቦታ ጣሪያ ያለው ቤት ከመሆኑ በፊት ዛፍ ነበር። ዋርካ ሥር ሽማግሌ ተቀምጦ አስታርቋል፣ ዳኛ ፈርዷል፣ አዋጅ ተነግሯል። ጎንደር የሄዳችሁ በፋሲል ግቢ አቅራቢያ ጃንተከል ዋርካን ሳታዩ አልተመለሳችሁም። የዋርካ ጥላ በር የለውም፤ ዘበኛም የለውም። ባለጉዳዩ ከየትኛውም አቅጣጫ ይመጣል፣ ጥላው ሥር ይቀመጣል፣ ተራው ሲደርስ ይናገራል። ዛሬ በሚሊዮኖች ብር የምንገነባቸው ቢሮዎች ይህንን ቀላል ነገር ሲያጡት ማየት ይገርማል።

ከዚያ የጣና አካባቢ ግንብ መጣ። ዐፄ ሱስንዮስ በሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ በጎርጎራ በኩል በድንጋይ አሠሩ፤ ልጃቸው ዐፄ ፋሲል ደግሞ በ1628 ዓ.ም ገደማ ጎንደርን መናገሻቸው አድርገው ቆረቆሩ። የዚያን ዘመን ግንቦች ለዛሬ ያደረሳቸው ኖራ ነው። በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ዝናብ ሲመታው ይላላል፤ በኖራ የተያያዘው ግን ከዓመት ዓመት እየጠነከረ ይሄዳል። የፋሲልን ቤተ መንግሥት ብታዩት በአራት ማዕዘኖቹ ላይ ክብ ማማዎች ቆመውለታል፤ ከአናቱ ዙሪያውን እንደ ጥርስ የተከረከመ የመከላከያ ግንብ አለው። እኔን ግን ይበልጥ የሚገርመኝ የልጃቸው የዐፄ ዮሐንስ ሥራ ነው። በዚያው ግቢ ውስጥ ቤተ መጻሕፍትና የጽሕፈት ቤት አሠርተዋል። ለንጉሥ መኖሪያ ሳይሆን ለደብዳቤና ለመጽሐፍ ብቻ የቆመ ግንብ ማለት ነው። «መሥሪያ ቤት» የምንለው ነገር በአካባቢያችን እንግዳ እንዳልሆነ እሱ ምስክር ነው።

የባሕር ዳር ልጆችም ለዚህ ታሪክ ሩቅ አይደለንም። በከተማችን መሀል፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ፣ ከዚያው ዘመን የተረፈ ፎቅ ያለው የድንጋይ ግንብ አለ፤ በተለምዶ ከስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ ስም ጋር ይያያዛል። ከዋናው መንገድ ጥቂት እርምጃ ነው። ስንቶቻችን ልጆቻችንን ይዘን አሳይተናል?

የጥጥ ከተማ ኩራት

አሁን ትንሽ ራቅ ብለን ወደ እንግሊዝ እንሂድ፤ ምክንያቱም ከባሕር ዳር ጋር በአንድ ነገር የምትመሳሰል ከተማ እዚያ አለች። ማንቸስተር ዛሬ በእግር ኳስ ብናውቃትም ስሟን ያስጠራው ጥጥ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የዓለም የጨርቅ ከተማ ስትሆን ሀብቷ በዛ፤ የከተማ አስተዳደር የተፈቀደላት ግን ገና እ.ኤ.አ. በ1838 ነበር። ቤተ መንግሥትም የጥንት ግንብም ያልነበራት የሠራተኛ ከተማ ኩራቷን የምታሳይበት ቤት ፈለገች። ያ ቤት ማዘጋጃ ቤቷ ሆነ።

ግንባታው እ.ኤ.አ. በ1868 ተጀምሮ በ1877 ተመረቀ። ቦታው ሦስት ማዕዘን ስለነበር አስቸጋሪ ነበር። ለንድፉ በተደረገው ውድድር አልፍሬድ ዋተርሃውስ የተባለው አርክቴክት አሸነፈ። ከውጭ ውበት አንጻር ከእሱ የተሻሉ ንድፎች እንደነበሩ ይነገራል፤ እሱን ያስመረጠው ክፍሎቹ ብርሃንና አየር በሚገባ ማግኘታቸው፣ ባለጉዳዩም መንገዱ ሳይጠፋበት ወደሚፈልገው ክፍል መድረስ መቻሉ ነው። በፋብሪካ ጭስ በጠቆረች ከተማ ብርሃን ቅንጦት አልነበረም። የሰዓት ማማው 85 ሜትር ያህል ወደ ላይ ይወጣል። በትልቁ አዳራሽ ግድግዳ ላይ የከተማዋን ታሪክ የሚያሳዩ 12 ሥዕሎች አሉ፤ ሠዓሊው ፎርድ ማዶክስ ብራውን ለመጨረስ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል።

ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው መሬቱ ላይ ያለው ነው። በወለሉ ጠጠር ጌጥ ውስጥ ንቦች ተሠርተዋል፤ ዙሪያቸውንም የጥጥ አበባ ከቧቸዋል። ንብ የማንቸስተር ሠራተኛ ምልክት ናት። ማሽን ላይ ስትቆም የዋለች የፈትል ሠራተኛ ወደ ከተማዋ ትልቅ ቤት ስትገባ፣ የእሷ ሥራ ወለሉ ላይ ተጌጦ ትጠብቃለች። «ይህ ቤት ያንቺም ነው» ለማለት ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የምንለውን እነሱ በጠጠር ጻፉት።

ከቸርችል ጎዳና አናት

በአገራችን ይህን መሰል ምኞት በግልጽ የሚታይበት ቤት የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ነው። በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ስትወጡ ከአናቱ ላይ ከነሰዓት ማማው ይቀበላችኋል። ንድፉን የሠራው አርቱሮ ሜዜዲሚ የተባለ ጣሊያናዊ አርክቴክት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1961 የተመረቀውን የአፍሪካ አዳራሽንም የነደፈው እሱ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ የተሠራው በዚያው በ1950ዎቹ ዓ.ም ነው። ወቅቱ የአፍሪካ አገሮች አንድ በአንድ ነፃ የሚወጡበት፣ አዲስ አበባም የአህጉሩ መሰብሰቢያ ለመሆን ራሷን የምታሰናዳበት ነበር። ስለዚህ ሕንፃው የጎንደርን ግንብ አልመሰለም፤ የእንግሊዝን የሾለ ማማም አልኮረጀም። ቀጥ ባሉ መስመሮች፣ በሰፋፊ መስኮቶችና በሰፊ ደረጃ «ዘመኑ የእኛም ነው» አለ።

ደግሞም ቤቱ የፋይል ማከማቻ ብቻ እንዲሆን አልተደረገም። የቴአትርና የባህል አዳራሽ አለው። ስንት የአዲስ አበባ ቤተሰብ ለግብር ደረሰኝ የሚያውቀውን ቤት በሌላ ቀን ቴአትር ለማየት ለብሶ ገብቶበታል! ሰው ለክፍያም ለደስታም የሚገባበት ቤት የመንግሥት ብቻ መሆኑ ይቀርና የነዋሪው ይሆናል። በቅርብ ዓመታት ሰፊ እድሳት ስለተደረገለት የዛሬ ልጆችም በጥሩ መልኩ ያዩታል። ፈርሶ በሌላ መተካቱ ሳይሆን መታደሱ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር እላለሁ።

እኛስ?

ባሕር ዳር እንደ ማንቸስተር የጨርቅ ከተማ ናት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ እ.ኤ.አ. በ1961 ሥራ የጀመረው ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ ነው። በ1955 ዓ.ም በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተከፈተው ፖሊቴክኒክ ተከተለ። በዚያው ዘመን በጀርመናዊው ፕሮፌሰር ማክስ ጉተር የሚመራ ቡድን የከተማዋን ማስተር ፕላን ሠራ። ዘንባባ የተተከለባቸው ሰፋፊ መንገዶቻችን በአጋጣሚ የመጡ አይደሉም፤ ከተማዋ ሳታድግ አስቀድሞ የታሰበባቸው ናቸው። ስለዚህ ባሕር ዳር ራሷ «የተዘጋጀች» ከተማ ናት ማለት ይቻላል።

ጭንቀቴም ከዚህ ይነሳል። ከተሞቻችን በፍጥነት እየተገነቡ ነው። መስታወት የለበሰ ሕንፃ በየጎዳናው ይበቅላል። የመንግሥት ቢሮዎችም ያንኑ ፋሽን ይከተላሉ። ከውጭ ያብለጨልጫሉ፤ ውስጥ ሲገቡ ግን ኮሪደሩ ጨለማ ነው፣ ሙቀቱ አያስቆምም፣ ባለጉዳዩ የት እንደሚሰለፍ አያውቅም።

ባለፈው ዓመት አንዲት አዛውንት ጎረቤታችንን ለቤታቸው ጉዳይ ወደ አንድ ቢሮ ወስጃቸው ነበር። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ዓይነት ነው። ጉዳዩ የሚያልቀው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍቱ አይሠራም፣ ኮሪደሩ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር እንኳ የለም።

«እማማ፣ ትንሽ ይታገሡ፤ አሁን ይጠሩናል» አልኳቸው።

«ልጄ፣ መታገሡንስ እታገሣለሁ፤ የምታገሥበት ወንበር ነው የጠፋው» አሉኝ ግድግዳውን ተደግፈው።

እማማ የጠየቁት እምነ በረድ አይደለም። ዋርካው በነፃ ይሰጥ የነበረውን፣ ማለትም ጥላና መቀመጫ ነው። ዋተርሃውስን ያሸለመው ብርሃንና መተላለፊያም ከዚያ የራቀ ነገር አይደለም። ጥሩ የሕዝብ ሕንፃ ማለት ባለጉዳዩ ገና በር ላይ ሳለ «ይህ ቤት ሲታሰብ እኔም ታስቤያለሁ» ብሎ የሚያምንበት ነው።

ይህ የአርክቴክቶችና የከንቲባዎች ጉዳይ ብቻ ከሆነ እኛ ቤተሰቦች ምን እናድርግ? ሁለት ነገር ይታየኛል። አንደኛው፣ ያሉንን ማወቅ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቻችሁን ይዛችሁ በጊዮርጊስ ግቢ ያለውን ግንብ አሳዩዋቸው፤ ድንጋዮቹ በምን እንደተያያዙ ይጠይቁ። ሰላሙና ጊዜው ሲፈቅድ ጎንደር ወስዳችሁ የዐፄ ዮሐንስን ቤተ መጻሕፍት አሳዩዋቸው። አዲስ አበባ ዘመድ ጥየቃ ስትሄዱ ደግሞ በማዘጋጃ ቤቱ በኩል እለፉ። ሕንፃ ማየት የለመደ ልጅ ነገ መሐንዲስ ባይሆን እንኳ ጥሩ ሕንፃ የሚጠይቅ ነዋሪ ይሆናል።

ሁለተኛው መጠየቅ ነው። በየቀበሌው ስብሰባ ስለ መንገድና ስለ ውኃ እንደምንናገረው ሁሉ ስለ ቢሮዎቻችንም እንናገር። ሕፃን ያዘለች እናት የምትቀመጥበት አለ? በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ይገባል? አዲስ ሕንፃ ሲታሰብ ለነዋሪው አዳራሽ፣ ለልጆች ማንበቢያ ክፍል ይኖረዋል? እነዚህ ጥያቄዎች ንድፉ ወረቀት ላይ ሳለ ከተነሡ ርካሽ ናቸው፤ ሲሚንቶው ከደረቀ በኋላ ግን ዋጋቸው አይቀመስም።

እስኪ ዛሬ እራት ላይ ይህን ተጫወቱበት፦ የከተማችሁ ማዘጋጃ ቤት ወለል ላይ ምን ይሣል? ማንቸስተሮች ንብና ጥጥ መረጡ። የእኔ ምርጫ ከደንገል የተሠራች የጣና ታንኳና ከሥሯ የምትዋኝ ዓሣ፣ ዳር ዳሩን ደግሞ የፋብሪካችን ፈትል ናት። የጎንደር፣ የደሴና የአዳማ አንባቢዎችስ ምን ትላላችሁ? ልጆቻችሁ የሣሉትን ላኩልን። ማን ያውቃል፣ አንድ ቀን ወለል የሚያነጥፍ ሰው ያየው ይሆናል።

በቀጣዩ ወር እስክንገናኝ ደህና ሁኑ።