«ማደንዘዣ አይስማማሽም» ዳያግኖሲስ አይደለም!

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ትንሽ መረር ብዬ ነው የምጽፈው። የቀድሞ ተማሪዎቼ ልትቀየሙኝ ትችላላችሁ፤ ዝም ብል ግን የባሰ ነው።

በቅርቡ አንዲት እናት ሁለተኛ ልጇን በኦፕሬሽን ልትወልድ መጣች። ገና ሳትቀመጥ «ዶክተር፣ እኔ ማደንዘዣ አይስማማኝም፤ ባለፈው ልሞት ነበር» አለችኝ። ምን መድኃኒት ተሰጥቶሽ ነበር? አታውቅም። ወረቀት አልሰጡሽም? ከፌስታሏ አውጥታ ሰጠችኝ። ሦስት ቃል ብቻ፦ «ለማደንዘዣ አለርጂክ ናት።» የቱ ማደንዘዣ? ከእሱ በፊትና በኋላ ምን ገባ? በስንት ደቂቃ ግፊቷ ወረደ? የለም። ካርዷን ብናፈላልግ «ጠፍቷል» ተባልን።

እስቲ አብረን እናስብ። በዚያ ቀን ይቺ ሴት የወሰደችው ስፓይናል ብቻ ነው? አንቲባዮቲክ ተሰጥቷታል። ቆዳዋ በማጽጃ ተቀብቷል። ልጁ እንደወጣ ኦክሲቶሲን ገብቷል። ሁሉም በጥቂት ደቂቃዎች ልዩነት! ጥፋተኛ የተባለው ግን ማደንዘዣው ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይሄ ነው።

ማስረጃው ደግሞ ሌላ ነው የሚለው። ኤንኤፒ 6 የተባለው የብሪታኒያ ጥናት በ2018 እ.ኤ.አ. ሲወጣ፣ በቀዶ ሕክምና ዙሪያ የተከሰቱ 266 ከባድ የአለርጂ አደጋዎችን መርምሮ ነበር። መንስኤያቸው ከታወቀው ውስጥ ግማሽ ያህሉ የአንቲባዮቲክ ነበር። ጡንቻ የሚያዝሉት እነ ሱክሳሜቶኒየም ሁለተኛ፣ ማጽጃው ክሎርሄክሲዲን ሦስተኛ። ለስፓይናል የምንወጋው መድኃኒት ግን የዚህ ዓይነት አለርጂ ማምጣቱ እጅግ ብርቅ ነው።

ስለዚህ ያቺ ወረቀት ምን ታደርጋለች? የሚቀጥለው ባለሙያ ስፓይናሉን ፈርቶ ሙሉ ማደንዘዣ ይሰጣል፤ ዋናውን ተጠርጣሪ አንቲባዮቲክ ግን ያለ ሐሳብ ይደግመዋል። ንጹሑን አስረን ተጠርጣሪውን ለቀቅነው ማለት ነው።

ሌላውን ብቻ እየወቀስኩ አይደለም። ከዓመታት በፊት አንድ ወጣት አስተኝቼ፣ ወዲያው ግፊቱ ወረደ፤ ደረቱ አየር አልቀበል አለ። «ቱቦው ታጥፎ ይሆናል፣ አስም ይኖርበት ይሆናል» እያልኩ ሃይድሮኮርቲዞን ሰጠሁ። ሽፍታ ፈለግኩ፤ አላየሁም። ለካ ሰውነቱ በጨርቅ ተሸፍኗል፤ ግፊት ሲወርድ ደግሞ ሽፍታው ላይታይ ይችላል። የተኛ ሰው «አሳከከኝ» አይል ነገር! አድሬናሊን የሰጠሁት ዘግይቼ ነው። ልጁ ተረፈ። ቻርቱ ላይ «የአየር ቧንቧ መጥበብ» ብዬ ጽፌ ሸኘሁት። ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም፤ ምን ሊገድለው እንደነበረም አያውቅም። ይሄ ጥፋት የኔ ነው።

«ላቦራቶሪ የለንም» የሚለውን ሰበብ ሰልችቶኛል። እውነት ነው፣ የትሪፕቴዝ ምርመራ በየሆስፒታሉ አይገኝም። ከተገኘ ደሙ በሽተኛው እንደተረጋጋ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ውስጥ ይወሰድ፤ ከ24 ሰዓት በኋላም ለማነጻጸሪያ ይደገም። ውጤቱ ደህና ነው ማለት ግን አለርጂ አልነበረም ማለት አይደለም። ዳያግኖሲሱ የሚጀምረው ከላቦራቶሪ ሳይሆን ከሰዓትና ከእስክሪፕቶ ነው። እስክሪፕቶም የለንም?

ደግሞ እውነቱን እንነጋገር፤ ብዙዎቻችን የማንጽፈው ስለምንፈራ ነው። «ጥፋቱ በኔ ይሆናል» እንላለን። አለርጂ መነሳቱ የማንም ወንጀል አይደለም። የመድኃኒቱን ስም ደብቆ ሰውን ወደ ቤቱ መስደድ ግን ወንጀል ባይባል እንኳ ነውር ነው።

እና ምን እናድርግ? ግፊት ሳይታሰብ ወርዶ በተለመደው መድኃኒት አልነሣ ካለ «ስፓይናሉ ነው» ብላችሁ አትተኙበት፤ አለርጂን አስቡ። አድሬናሊን ቀዳሚ ነው፤ ሃይድሮኮርቲዞን አይተካውም። ሰውዬው ሲረጋጋ፣ ከአደጋው በፊት የገባውን ሁሉ ከነሰዓቱ ጻፉ፦ መድኃኒት፣ ማጽጃ፣ ጓንቱ ሳይቀር። እርግጠኛ ካልሆናችሁ «ተጠርጣሪዎቹ እነዚህ ናቸው» በሉ። አንዱን ቅጂ ለበሽተኛው ስጡ፤ የቆዳ ምርመራ የሚገኝበት ካለ ከአንድ ወር በኋላ ላኩት።

ሐኪም ያልሆናችሁ ወዳጆቼ ደግሞ፣ «አልተስማማህም» ስትባሉ «ስሙን ጻፉልኝ» በሉ። መብታችሁ ነው።

ያቺን እናት አንቲባዮቲኩን ቀይረን፣ አድሬናሊን ቀድተን አጠገባችን አስቀምጠን፣ በስፓይናል አዋለድናት። እናትም ልጅም ደህና ናቸው። ግን በግምት ነው የሠራነው። አንድ ሰው ያን ጊዜ አምስት ደቂቃ ወስዶ ጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ ቁማር አንጫወትም ነበር።

የማትስማሙ ካላችሁ ኮሜንት ላይ እንከራከር። የምትስማሙ ደግሞ ነገ ጠዋት ኦአር ስትገቡ አሳዩኝ።