የደመወዝ ግብር ሒሳብ

ለዚህ ሳምንት የቤት ወጪን ነገር ለመጻፍ አስቤ ነበር። ነገር ግን ባለፈው እሑድ አንዲት ጎረቤታችን የባልዋን የደመወዝ ወረቀት ይዛ መጥታ፥ «ጋሼ፥ መሥሪያ ቤቱ 300 ብር ቢጨምርለት አልቀበልም ሊል ነው። ከ10,000 ብር ካለፈ ግብሩ ከመቶ 30 ይሆንና ወደ ቤት የምታገባው ያንሳል ብለው ጓደኞቹ ነገሩት» ስላለችኝ፥ ነገሩ ሌላውንም ቤተ ሰብ የሚነካ መስሎ ስለ ታየኝ ይህን አስቀድሜአለሁ።

ጓደኞቹ የተናገሩት በክፋት አይደለም፤ ብዙ የተማረ ሰው እንኳ እንዲሁ ያስባል። ግብሩ ግን በደመወዙ ሁሉ ላይ በአንድ ልክ የሚጣል አይደለም፤ ደመወዙ በየደረጃው ተከፍሎ ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱ ልክ ተወስኖለታል እንጂ። ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 መሠረት፥ ከወር ደመወዝ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም። ከዚያ በላይ ያለው እስከ 4,000 ብር ድረስ ከመቶ 15፥ እስከ 7,000 ከመቶ 20፥ እስከ 10,000 ከመቶ 25፥ እስከ 14,000 ከመቶ 30፥ ከዚህም የሚያልፈው ከመቶ 35 ይከፈልበታል።

እንግዲህ የጎረቤታችን ባል ደመወዝ 9,900 ብር ነው፤ ቢጨመርለት 10,200 ይሆናል። ከመቶ 30 የሚከፈልበት ከ10,000 በላይ ያለው 200 ብር ብቻ ነው። በወረቀት ላይ አብረን ስንሠራው ግብሩ ከ1,625 ብር ወደ 1,710 ብር ከፍ አለ፤ ልዩነቱ 85 ብር ነው። ለጡረታ ከመቶ 7 ሲቀነስ ሌላ 21 ብር ይሄዳል። ስለዚህ ከ300 ብሩ 194 ብር ለቤቱ ይተርፋል። ሴትዮዋ ይህን ባየች ጊዜ ሻይዋን ሳትጨርስ ወረቀቱን ይዛ ወጣች።

ደረጃውን አንድ በአንድ መደመር ለሚያደክመው ሰው፥ ሒሳብ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት አቋራጭ አለ። ጠቅላላው ደመወዝ በደረሰበት ልክ ይባዛል፤ ከዚያ ልኩ 15 ከሆነ 300 ብር፥ 20 ከሆነ 500፥ 25 ከሆነ 850፥ 30 ከሆነ 1,350፥ 35 ከሆነ 2,050 ብር ይቀነስለታል። ግብሩ የሚታሰበው የሠራተኛው ጡረታ ከመቀነሱ በፊት ባለው ደመወዝ ላይ መሆኑን አለመርሳት ነው፤ ብዙ ሰው ሒሳቡ አልገጥም የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያም ከደመወዙ ጋር ተደምሮ ይታሰባል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ግን የቀድሞው ሠንጠረዥ እንዳይሠራባችሁ መመልከት ነው። በአዋጅ ቁጥር 979/2008 ጊዜ ከግብር ነፃ የነበረው 600 ብር ብቻ ነበረ። የአጎቴ ልጅ 9,000 ብር ይከፈለዋል፤ አዲሱ አዋጅ ከጸና በኋላም ግብር ተብሎ 1,745 ብር ሲቆረጥበት ቆየ። በአዲሱ ልክ 1,400 ብር ነው የሚገባው። በየወሩ 345 ብር ማለት ለእርሱ ቤት የልጆቹ የትምህርት ቤት መጓጓዣ ነው፤ ሚስቱም ከጎረቤት ስትበደር ነበር። ደግነቱ ወረቀቶቹን ሁሉ በአንድ ፖስታ አኑሮአቸው ስለ ነበረ፥ ሒሳቡን ጽፎ ከእነርሱ ጋር ለደመወዝ ክፍሉ ባቀረበ ጊዜ ጸሓፊው ሳይከራከር አስተካከለለት፤ ያለፈውንም መለሱለት። እኔ በፍርድ ቤት መዝገብ ስጽፍ እውነት ይዘው ወረቀት አጥተው የሚመለሱትን ስለማይ፥ ፖስታውን የሰፋችለትን ሚስቱን አመስግኛታለሁ።

የቤት ወጪውን ነገር በሚመጣው ሳምንት እንጽፋለን።