«ውለጂ፣ እኔ እልካለሁ» ማለት ይብቃን

እህቶቼ፣ ዛሬ የምወቅሰው ማዳምን አይደለም፤ እኛን ነው። ከራሴ ልጀምር።

አምና ታናሽ እህቴ ከወሎ ደውላ «አርግዣለሁ» አለችኝ። የመጀመሪያ ልጇ ገና ዘጠኝ ወሩ ነበር፤ ድክ ድክ እንኳን አላለም። ድምጿ የደስታ አልነበረም፤ ሰምቼዋለሁ እኮ! ግን «አይዞሽ፣ ልጅ በዕድሉ ያድጋል፤ ብሩን እኔ እልካለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ብሩንም ላክሁ። ብር ግን ደም አይሆንም። ምጡ ያለ ጊዜው መጣ፣ ብዙ ደም ፈሰሳት፣ ሕፃኗም በጣም ትንሽ ሆና ተወለደች። ሁለቱም ተርፈዋል፣ ተመስገን። ትልቁ ግን ጡቱን በድንገት ተነጥቆ ከስቷል፤ እስካሁን አላገገመም።

ኋላ ስጠይቃት «እያጠባሁ አላረግዝም ብዬ ነው» አለችኝ። ማጥባት የሚከላከለው እስከ 6 ወር ብቻ ነው፤ እሱም ሕፃኑ ቀንም ሌሊትም ከጡት ሌላ ካልቀመሰ፣ የወር አበባዋም ካልመጣ። ይሄን እኔም አላውቅም ነበር። «ውለጂ» ለማለት ግን ማን ቀድሞኝ!

የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው፣ ሴት ከወለደች በኋላ እንደገና እስክታረግዝ ቢያንስ 24 ወር እንድትቆይ ነው። ስለዚህ በሁለቱ ልጆች መሀል ወደ ሦስት ዓመት ይሆናል። ጽንስ የወረደባት ደግሞ ቢያንስ 6 ወር። ሰውነቷ ሳይጠገን ስታረግዝ ደም ማነስ አለ፣ ያለ ጊዜ መውለድ አለ፣ ክብደቱ ያነሰ ሕፃን አለ። እህቴ ላይ ሁሉም ደረሰ።

ደግሞ ይሄን እኛ አላየነውም? እኔ ያለሁበት ቤት ሦስት ልጆች አሉ፤ በየመሀላቸው ሦስት ሦስት ዓመት። ማዳም ሐኪሟን አማክራ ነው የወለደችው። የሷን ልጆች ተራ በተራ ታቅፈን እያሳደግን ለእህቶቻችን ስንደውል «ቶሎ ቶሎ ጨርሺ» እንላለን። አንዳንዶቻችንማ ለራሳችንም እንደዚያው ነው፦ አገር ገብቶ በሁለት ዓመት ሁለት ወልዶ፣ ለእማዬ ትቶ መመለስ። እማዬስ ስንቱን ትዘል?

«መድኃኒቱ መካን ያደርጋል» የምትሉ አላችሁ። አያደርግም። መርፌው ለ3 ወር ነው፤ እሱን ካቆሙ በኋላ ለማርገዝ ጥቂት ወራት ሊዘገይ ይችላል፣ ያ ብቻ ነው። ክንድ ላይ የሚቀበረው እንደ ዓይነቱ 3 ወይም 5 ዓመት ይሠራል፤ ሲወጣ ይረገዛል። በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው፤ የጤና ኤክስቴንሽኗን መጠየቅ ነው። «ፈጣሪ የሰጠውን» ለምትሉም፣ ያ ጡት የተነጠቀው ልጅስ ማን የሰጠው ነው?

እህቴ ባለፈው ወር ክንዷ ላይ አስቀበረች። የባሏ እናት አኩርፈዋል አሉ። እሁድ ዕረፍቴ ላይ ራሴ ደወልኩላቸው። «እማማ፣ ይቆጡ፤ ግን እኔን ይቆጡ» አልኳቸው። ዝም አሉ፣ ከዚያ ስለ ልጁ ክሳት ያወሩኝ ጀመር።