«ኔትወርክ ነው» ማለት ይብቃ

አንድ አመልካች በአንድ የአገልግሎት ድረ ገጽ ላይ ስሙንና ፓስወርዱን በትክክል ያስገባል። ገጹ «ተሳስተሃል» አይለውም፤ ዝም ብሎ መልሶ መግቢያው ላይ ይጥለዋል። እርዳታ ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ ከሁለት አያልፍም፦ «ኔትወርክ ነው፣ ደጋግመህ ሞክር» ወይም «ኩኪውን አጥፋና እንደገና ግባ»። ሁለቱም ጥፋቱን ከሠሪው አንሥተው ተገልጋዩ ላይ ይጭናሉ። እንዲህ ላለው ችግር ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱም መፍትሔ አይሆኑም።

ደቡብ ወሎ ባለችው መካነ ሰላም ከተማ የመጀመሪያውን መልስ የሚጠራጠር የለም፤ ለመጠራጠር ምክንያት የሚሰጥ ኑሮም የለም። መብራት ይሄዳል፣ መስመሩ ይደክማል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል። ከቦረና የገጠር ቀበሌ ወይም ከወግዲ ፎርም ሊሞላ የመጣ ወጣት «ኔትወርክ ነው» ሲባል አምኖ ይመለሳል። ድረ ገጹን የሠሩት ሰዎች የሚሸሸጉት እዚህ እውነት ሥር ነው።

ነገር ግን የኔትወርክ ችግር የራሱ ምልክት አለው። ገጹ አይከፈትም፣ ግማሹ ይቀራል፣ ወይም ብራውዘሩ መገናኘት እንዳልቻለ ይናገራል። ሙሉ ሆኖ የተከፈተ፣ ግን ማንነትህን የረሳ ገጽ ሌላ ነገር ይመሰክራል። ጥያቄህ ደርሷል፣ መልሱም ተመልሷል። ኔትወርኩ ሥራውን ሠርቷል።

ብዙ ጊዜ የጠፋው ኩኪው ነው። ድረ ገጾች የሚነጋገሩበት ኤችቲቲፒ በባሕርዩ ትዝታ የለውም፤ እያንዳንዱን ጥያቄ እንደ አዲስ እንግዳ ይቀበላል። ሉ ሞንቱሊ በ1994 እ.ኤ.አ. ኔትስኬፕ ውስጥ ሲሠራ ኩኪን የፈጠረው ይህን ጉድለት ለመሙላት ነው። ሰርቨሩ ፓስወርድህን ሲቀበል መታወቂያ ይሰጥሃል፤ ብራውዘርህ በየገጹ ያሳያል። ብዙ ድረ ገጾች ይህን መታወቂያ የሚሰጡት «ወደዚያኛው ገጽ እለፍ» ከሚል 302 ከተባለ ሪዳይሬክት ጋር ነው። ኩኪው የሚጠፋውም በዚህ መሻገሪያ ላይ ነው።

አንዱን ጉዳይ ቀረብ ብለን እንየው። ተገልጋዩ በቴሌግራም በተላከለት ሊንክ፣ በሦስት ደብሊው በሚጀምረው አድራሻ ይገባል። የብራውዘሩ «ኔትወርክ» ሰሌዳ ላይ ሦስት መስመሮች ይታያሉ። በመጀመሪያው ሰርቨሩ ፓስወርዱን ተቀብሎ ኩኪ ይሰጣል፤ ሆኖም ያለ ሦስቱ ደብሊው ወደ ተጻፈው አድራሻ ያሻግረዋል። በሁለተኛው ብራውዘሩ ወደዚያ ይሄዳል፤ ኩኪውን ግን አይዝም፤ ምክንያቱም ዶሜይን ሳይጠቀስበት የተሰጠ ኩኪ ለሰጠው አድራሻ ብቻ ነው። ሰርቨሩም «አላውቅህም» ብሎ ይመልሰዋል። ሦስተኛው መስመር ያው የመግቢያ ገጽ ነው። በዚያው ሊንክ ሺህ ጊዜ ቢሞከር ውጤቱ አይለወጥም። ኩኪ ማጥፋትም ከሌላ ቦታ አካውንቶቹ ሊያስወጣው ይችላል እንጂ እዚህ አንዳች አይፈይድለትም።

ክፍያ ላይ ሲሆን ጉዳቱ ይከፋል። ክሮም ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ሴምሳይት» የተባለ ምልክት ያልተደረገበትን ኩኪ «ላክስ»፣ ማለትም ከሌላ ድረ ገጽ በሚመጣ ጥያቄ ላይ የተገደበ፣ አድርጎ ይቆጥረዋል። በዚህ ደንብ፣ የክፍያ ድርጅቱ ገጽ ተገልጋዩን በ«ፖስት» ጥያቄ ሲመልሰው የመግቢያ ኩኪው አብሮ ላይሄድ ይችላል። ገንዘቡ ከሂሳቡ ወጥቷል፣ ገጹ ግን አያውቀውም። ከፍያለሁ ወይስ አልከፈልኩም በሚል ጭንቀት ውስጥ ለሚገኝ ሰው «ደግመህ ሞክር» ማለት ሁለት ጊዜ ክፈል እንደ ማለት ነው።

ዴቨሎፐሩ «እኔ ጋ ይሠራል» ይላል። እውነቱን ነው፤ እሱ ሁልጊዜ የሚገባው አንድ በለመደው አድራሻ ነው። ያልሞከረው ተገልጋዩ የሚመጣበትን መንገድ ነው። በ2012 ዓ.ም. «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለው ስትራቴጂ ከጸደቀ ወዲህ አገልግሎቱ ሁሉ ወደ ኢንተርኔት ሲገፋ፣ የጥራት መለኪያው አዲስ አበባ ባለ ቢሮ ውስጥ መሥራቱ ብቻ ሊሆን አይገባም። ደካማ መስመር ላይ እያንዳንዱ ከንቱ ሙከራ የዳታ ገንዘብ፣ የኢንተርኔት ቤት ሂሳብና የሥራ ቀን ይበላል። ኔትወርኩ ደካማ መሆኑ ሰርቨሩን ይበልጥ በጥንቃቄ ለመሥራት ምክንያት እንጂ ማምለጫ አይደለም።

ምርመራው ውድ አይደለም። ኤፍ12ን ተጭኖ የ«ኔትወርክ» ሰሌዳውን ከፍቶ፣ «ፕሪዘርቭ ሎግ» ላይ ምልክት አድርጎ መግባትና ኩኪው የተሰጠበትን መስመር ከተከታዩ ጋር ማስተያየት ይበቃል። ይህን መካነ ሰላም ላይ ካምፓስ ያለው የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ተማሪ ሊሠራው ይችላል፤ ሊማረውም ይገባል።

ድረ ገጽ የምታሠሩ መሥሪያ ቤቶች፣ ከመረከባችሁ በፊት በሁሉም አድራሻ አስገቡት፤ በሦስቱ ደብሊውና ያለ እነሱ፣ በኤችቲቲፒና በኤችቲቲፒኤስ፣ ከክፍያ ገጽም በመመለስ። አንዱ መንገድ እንኳ መልሶ መግቢያው ላይ ከጣላችሁ አትረከቡ። የእርዳታ ሠራተኞችም፣ ሳትመረምሩ «ኔትወርክ ነው» አትበሉ። ተገልጋዩ ፓስወርዱን በትክክል አስገብቶ ከሆነ የእሱ ድርሻ እዚያ ላይ አልቋል፤ የቀረው የእናንተ ነው።