ያረጀ ብራውዘር ይጠበቅ ወይስ ይሰናበት?

ይጠበቅ

ብራውዘር፣ ማለትም ድረ ገጽን ከኢንተርኔት አምጥቶ በስክሪን ላይ የሚያሳየው ፕሮግራም፣ አረጀ የሚባለው ሠሪው ማደሱን ሲያቆም እንጂ ባለቤቱ መጠቀሙን ሲያቆም አይደለም፤ ሙግቱም የሚነሣው ከዚህ ነው። በካሊፎርኒያ፣ በኤመሪቪልና በጎረቤቷ ኦክላንድ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን አዲስ ስልክ ሲገዙ አሮጌውን ለወላጅ ወይም ለእኅት መላካቸው የተለመደ በመሆኑ፣ እዚያ ጊዜው አለፈበት የተባለው ስልክ ደሴ ሲደርስ ገና አዲስ ነው።

የዚህ ወገን ማስረጃ ከኤመሪቪል በባሕረ ሰላጤው ድልድይ ማዶ፣ ሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘው ሌትስ ኢንክሪፕት ነው። ድርጅቱ ለድረ ገጾች በነጻ የሚሰጠው ሰርተፍኬት የገጹን ማንነት ለብራውዘሩ የሚያረጋግጥ ዲጂታል መታወቂያ ሲሆን፣ ስልክም የሚያምናቸውን ሰጪዎች ዝርዝር ይዞ ከፋብሪካ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ድርጅቱ፣ ከ7.1.1 በታች የሆኑ አንድሮይድ ስልኮች ስሙን በዝርዝራቸው ስለማያገኙት በተከታዩ ዓመት ብዙ ድረ ገጾችን መክፈት እንደሚቸግራቸው አስታወቀ፤ እነዚህም በወቅቱ ከአንድሮይድ ስልኮች አንድ ሦስተኛ ያህል ነበሩ። በቀጣዩ ወር ግን አሮጌ ስልኮች የሚያውቁት ሌላ ሰጪ፣ አይደንትረስት፣ ለተጨማሪ ሦስት ዓመት ዋስ ሊሆነው ተስማማ። አይቻልም ሲባል የነበረው፣ የሚጎዳው ሕዝብ ሲቆጠር ተቻለ።

ይሰናበት

ዋስትናው የሠራው አንድሮይድ የመሠረታዊ ሰርተፍኬት፣ ማለትም የሰጪው የራሱ መታወቂያ፣ ቀን ማለፉን ስለማያጣራ ነው፤ ብልሃቱ ይደነቃል፣ ደንብ ሊሆን ግን አይችልም። እጅግ ያረጀ ብራውዘር የሚያውቀው የምስጠራ ስልት በ1999 የወጣው ቲኤልኤስ 1.0 ሲሆን፣ ታላላቆቹ ብራውዘሮች ራሳቸው በ2020 ትተውታል። ለእርሱ ሲባል ደካማውን ቁልፍ በሩ ላይ ማንጠልጠል፣ ሌባን ከእንግዳ ጋር መጋበዝ ነው።

አማርኛ ራሱ ምስክር ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ወደተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ከመግባቱ በፊት፣ የአማርኛ ገጽ የሚጻፈው በላቲን ፊደላት ቦታ የፊደልን ቅርጽ በሚተኩ ፎንቶች ስለነበረ፣ ፎንቱ የሌለው አንባቢ የተዘበራረቀ ላቲን ያይ፣ መፈለጊያም ቃሉን ያጣው ነበር። ዛሬ አንድ ሰው «እንጀራ» ብሎ ጽፎ የሚያገኘው፣ ድረ ገጾች ያን አሮጌ አሠራር ለመተው ስለደፈሩ ነው።

ይጠበቅ፣ መልስ

ምስክሩ ለሁለቱም ወገን ይናገራል። ማይክሮሶፍት ኒያላ የተባለውን የአማርኛ ፎንት ከዊንዶውስ ጋር የጫነው በ2007፣ ከቪስታ ጋር ስለሆነ፣ ፎንት ፈልጎ ያልጫነ የቀደመው ዊንዶውስ፣ የኤክስፒ፣ ተጠቃሚ በትክክለኛው ዩኒኮድ የተጻፈውን አማርኛ ባዶ ሳጥን ሆኖ አየው። ጽሑፋቸውን በምስል ወይም በፒዲኤፍ ጭምር ያቀረቡ ገጾች፣ ለጊዜውም ቢሆን፣ ያን አንባቢ አላጡትም።

ይሰናበት፣ መልስ

ለጊዜው ማለትስ እስከ መቼ ነው? የአይደንትረስት ዋስትና በሴፕቴምበር 2024 አበቃ፤ ሌትስ ኢንክሪፕት ደግሞ የአሮጌ ስልክ ባለቤቶች የሰጪዎችን ዝርዝር ራሱ ይዞ የሚመጣውን ፋየርፎክስን እንዲጭኑ አስቀድሞ መክሯል። መንገዱ ካለ የድረ ገጹ ባለቤት ዕዳ ምኑ ላይ ነው?

ይጠበቅ፣ የመጨረሻ ቃል

በደሴዋ እናት ስልክ ላይ የሚመጣው ማስጠንቀቂያ ግንኙነትዎ የግል አይደለም ይላል፤ ምን መጫን እንዳለባቸው አይነግራቸውም።