የዋርፋሪን ሒሳብ ከፍራንክፈርት እስከ ዳባት

ውጭ አገር የምንኖር ኢትዮጵያውያን ለልብ ሕሙማን ገንዘብ ስናሰባስብ የምንቆጥረው የቀዶ ሕክምናውን ወጪ ነው። የአውሮፕላን ቲኬት፣ የሆስፒታል ክፍያ፣ የቫልቩ ዋጋ፣ የአስታማሚ ማረፊያ። ገንዘቡ ሞልቶ ታማሚዋ ሕንድ ወይም እስራኤል ደርሳ በሰላም ስትመለስ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ምስጋና ይቀርባል፣ መዝገቡም ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ወጪ የሚመዘግበው የለም። ሜካኒካል የሚባለው ሰው ሠራሽ ቫልቭ የገባለት ሰው ዕድሜ ልኩን ደም ማቅጠኛ ይወስዳል፤ መጠኑ ልክ መሆኑን ለማወቅም ዕድሜ ልኩን ደሙን ያስመረምራል። ክኒኑ ርካሽ ነው፤ ወጪ የሚያስወጣው ምርመራው ነው።

ሐኪም አይደለሁም። ዳባት ተወልጄ ያደግሁ፣ በልጅነቴ በተመላለሰብኝ የቶንሲል ሕመም መዘዝ የልቤ ቫልቭ ተበላሽቶ ፍራንክፈርት ውስጥ በሜካኒካል የተተካልኝ ሰው ነኝ። የአክስቴ ልጅም በዚሁ ሩማቲክ የልብ በሽታ ተይዛ ነበር። የእሷን ቫልቭ በጎ አድራጊዎች ውጭ ወስደው አስተከሉላት፤ ኑሮዋ ግን እዚያው ዳባት ነው። አንድ ዓይነት ቫልቭ ይዘን በሁለት ዓይነት ሒሳብ የምንኖር ዘመዳሞች ነን።

ነገሩን ለማያውቀው አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ሰው ሠራሽ ቫልቭ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል፤ የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ያስከትላል። ዋርፋሪን ይህን ይከላከላል። ከመጠን ሲያልፍ ደግሞ ያደማል፣ አንጎል ውስጥ ሳይቀር። መለኪያው አይ ኤን አር ይባላል። መድኃኒቱን የማይወስድ ጤነኛ ሰው 1 አካባቢ ሲሆን፣ በሚትራል ቫልቭ ቦታ ሜካኒካል የገባለት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 3.5 ባለው ክልል ውስጥ እንዲቆይ ይፈለጋል። ችግሩ ቁጥሩ ባለበት የማይረጋ መሆኑ ነው። ጎመን ቫይታሚን ኬ ስለሚበዛበት ያወርደዋል። ሁዳዴን በጎመን የከረመ ሰው ከፋሲካ በኋላ ወደ ሥጋና ወደ እንቁላል ሲዞር ቁጥሩ ሊወጣ ይችላል። ሐኪሞች “ጎመን አትብሉ” አይሉም፤ “መጠኑን አታለዋውጡ” ይላሉ። በዓመት ብዙ ወር ለሚጾም ሰው ግን ይህ ከመባሉ ይልቅ መፈጸሙ ይከብዳል።

ከምግቡ በላይ የሚያስፈራው ያለ ማዘዣ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው ነው። ለአሜባና ለጃርዲያ የሚወሰደው ሜትሮኒዳዞል፣ እንዲሁም ኮትሪሞክሳዞል፣ ቁጥሩን በቀናት ውስጥ ሊሰቅሉት ይችላሉ። የሳንባ ነቀርሳው መድኃኒት ሪፋምፒሲን ተቃራኒውን ያደርጋል። ለወገብ ሕመም ዳይክሎፌናክ፣ ለራስ ምታት አስፕሪን ሲጨመርበት ደግሞ ቁጥሩ ባይንቀሳቀስም የመድማት አደጋው ይጨምራል። እንግዲህ ይህን ሁሉ የሚቆጣጠረው ያው ምርመራ ነው።

ፍራንክፈርት ላይ የኔ ሒሳብ ቀላል ነው። የጀርመን የጤና መድን ለእንደኔ ዓይነቱ ታካሚ የቤት መመርመሪያ መሣሪያውን፣ የደም ጠብታ የሚያርፍባትን የመለኪያ ወረቀትና የአጠቃቀም ሥልጠናውን ይሸፍናል። እሑድ ጠዋት ጣቴን እወጋለሁ፤ አንድ ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ቁጥሩ ይመጣል፤ በተማርኩት መሠረት ክኒኑን አስተካክላለሁ። አሜሪካም ሜዲኬር እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ለሜካኒካል ቫልቭ ታካሚዎች የቤት ምርመራውን ይሸፍናል።

ይሁን እንጂ “ውጭ ያለ ሁሉ ተመችቶታል” ማለት ስሕተት ነው። እዚሁ ጀርመን ጥገኝነት የጠየቀ ሰው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በሕግ የሚረጋገጥለት ሕክምና በዋናነት ለድንገተኛ ሕመምና ለስቃይ ማስታገሻ ነው፤ ይህ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2024 ከ18 ወር ወደ 36 ወር ከፍ ብሏል። ዕድሜ ልክ የሚቆይ በሽታ ያለበት ሰው ክትትሉን የሚያገኘው በማመልከቻና በባለሥልጣን ፈቃድ ነው። ቤሩት ወይም ጅዳ በሰው ቤት ለምትሠራ እህታችን ደግሞ በየወሩ ደም ለማስመርመር የአሠሪዋን በጎ ፈቃድ መጠበቅ አለ። ውጭ አገር መኖር በራሱ መድን አይሆንም።

ወደ ዳባት እንመለስ። ከተማዋ ከጎንደር በስተሰሜን 75 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ደባርቅ በሚያመራው መንገድ ላይ ትገኛለች። የአክስቴ ልጅ ቁጥሯን ለማወቅ ጎንደር ትወርዳለች። ጠዋት ደም ትሰጣለች፣ ውጤቱ ከሰዓት ይደርሳል፣ ሐኪም የሚያያት ብዙ ጊዜ በማግስቱ ነው። ለእኔ የአንድ ደቂቃ ጉዳይ የሆነው ለእሷ የሁለት ቀን ጉዞ ነው፤ የትራንስፖርቱ፣ የማደሪያው፣ የአጃቢው ምግብ፣ የቀረው የሥራ ቀን ተደምሮ ከምርመራው ዋጋ ይበልጣል። ከሄደችባቸው ተቋማት በአንዱ “ሪኤጀንት አልቋል” ተብላ ወደ ግል ላቦራቶሪ የተላከችበትም ጊዜ አለ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ናት። መድኑ ግን የሚሸፍነው ውል ከገባበት ተቋም የተገኘውን አገልግሎት ነው፤ እዚያ የጠፋውን ከኪሷ ትከፍላለች።

መንገዱም ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ እዚያው ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ ዘልቆ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በክልሉ በተቀሰቀሰው ግጭት ምክንያት መንገድ ተዘጋ ሲባል ጉዞው ይቀራል። ወባ የያዘው ሰው መንገድ ቢዘጋበት በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ ይረዳል። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ግን ክኒኑን እየዋጠ ቁጥሩን ሳያውቅ ይቀመጣል፤ ሕመም ስለማይሰማውም ደኅና የሆነ ይመስለዋል።

ይህ የአንዲት ሴት ታሪክ ብቻ እንዳይመስለን አንድ ጥናት ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ሬሜዲ የተባለ ጥናት ኢትዮጵያን ጨምሮ በ12 የአፍሪካ አገሮች፣ በሕንድና በየመን 3,343 የሩማቲክ ልብ ታማሚዎችን መዝግቦ ነበር። የዕድሜያቸው አማካይ 28 ዓመት ሲሆን ሁለት ሦስተኛው ሴቶች ናቸው። ደም ማቅጠኛ ከሚያስፈልጋቸው ውስጥ የታዘዘላቸው 70 በመቶ ያህሉ ሲሆኑ፣ ቁጥሩ በሚፈለገው ክልል ውስጥ የተገኘው 28 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው። ቀሪዎቹ ክኒኑን እየወሰዱ ወይ አልተጠበቁም ወይ ለመድማት ተጋልጠዋል ማለት ነው።

“ታዲያ ምርመራ የማይፈልጉት አዲሶቹ መድኃኒቶች የት ሄዱ?” የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም ለዓመታት ተስፋ ያደረግሁት እነሱን ነበር። የሚያሳዝነው የኛን በሽታ አይመለከቱም። ዳቢጋትራን በሜካኒካል ቫልቭ ታካሚዎች ላይ ሲሞከር የደም መርጋቱም መድማቱም ስለበዛ ሙከራው ተቋርጦ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ታተመ። አፒክሳባንም በኋላ ተሞክሮ የደም መርጋቱ ስለበዛ ቆመ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ኢንቪክተስ የተባለ ጥናት ደግሞ ከ4,500 በላይ የሩማቲክ ልብ ታማሚዎችን ተከታትሎ፣ ሪቫሮክሳባን ከወሰዱት ይልቅ ዋርፋሪንንና መሰሎቹን የወሰዱት ሞታቸው ያነሰ መሆኑን አሳየ። እነዚህ የልብ ምታቸው የተዛባ እንጂ ሜካኒካል ቫልቭ የገባላቸው አልነበሩም፤ ለነሱም ቢሆን አሮጌው መድኃኒት በልጦ ተገኘ። ስለዚህ ከቦሌ ጉምሩክ በሻንጣ የሚያልፈው “አዲሱና ምርመራ የማይፈልገው” መድኃኒት ለቫልቭ ታካሚ ስጦታ ሳይሆን አደጋ ነው።

ስለ ሻንጣ ካነሣን ዘንድ፣ ዋርፋሪኑንም ስንልክ ጥንቃቄ ይገባል። አሜሪካ ውስጥ ሮዝ ቀለም ያላት ክኒን 1 ሚሊግራም ናት፤ እንግሊዝ አገር ሮዟ 5 ሚሊግራም ናት። ከዋሽንግተን ሲላክላት በቀለም የለመደች ታካሚ በሚቀጥለው ከለንደን ቢላክላት አምስት እጥፍ ልትውጥ ትችላለች። እኔ የምወስደው ደግሞ ዋርፋሪን እንኳ አይደለም። ጀርመን ውስጥ በብዛት የሚታዘዘው ማርኩማር የተባለው ሌላ ዝርያ ነው፤ ከሰውነት የሚወጣውም ከዋርፋሪን እጅግ ቀስ ብሎ ነው። አገር ቤት ስሄድ ለቆይታዬ የሚበቃኝን ቆጥሬ ይዤ እሄዳለሁ፤ ለአክስቴ ልጅ አንዲት ፍሬ አልተውላትም።

ከሁሉ በላይ መታረም ያለበት ግን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ያለው ውሳኔ ይመስለኛል። ጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የልብ ማዕከል በ2001 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ቀዶ ሕክምናው አገር ውስጥም ይሠራል፤ ውጭ የሚላከውም አልቀረም። በሁለቱም መንገድ ቫልቩ ሊጠገን የሚችል ከሆነ መጠገን፣ ካልሆነ ደግሞ ከእንስሳ ቲሹ የሚሠራውን ወይም ሜካኒካሉን መምረጥ አለ። የቲሹው ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን ላይጠይቅ ይችላል፤ በወጣት ሰው ላይ ግን ቶሎ ያልቅና ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ያስከትላል። ሜካኒካሉ ይቆያል፣ ምርመራ ግን ይፈልጋል። ልትወልድ ላሰበች ሴት ደግሞ ዋርፋሪን በእርግዝና የመጀመሪያ ወራት ፅንሱን ሊጎዳ ስለሚችል ነገሩ ይወሳሰባል። ምርጫው የሐኪም መሆኑ አያከራክርም። ሐኪሙ ግን ታካሚዋ አይ ኤን አር የሚለካበት ቦታ ለመድረስ ስንት ሰዓት እንደምትጓዝ ሳያውቅ በትክክል ሊመርጥ አይችልም። የገንዘብ አሰባሳቢ ኮሚቴዎቻችን ቅጽ ላይ ይህ ጥያቄ ሲቀርብ አይቼ አላውቅም።

የመንግሥት ጤና ባለሙያዎች የሚያነሡት ተቃውሞ አለ፤ ሚዛንም የሚደፋ ነው። ወባ፣ ኩፍኝና የወሊድ ሞት ባለበት ወረዳ ለጥቂት የቫልቭ ታካሚዎች መሣሪያ መግዛት ቅድሚያ ይገባዋል ወይ? ለቶንሲል በጊዜው ፔኒሲሊን ቢሰጥ ቫልቩ መጀመሪያውኑ ባልተበላሸ ነበር ይላሉ። እውነታቸውን ነው። የአፍሪካ አገሮችም እ.ኤ.አ. በ2015 በአዲስ አበባ መግለጫቸው ሩማቲክ የልብ በሽታን ለማጥፋት ሲስማሙ መከላከልን አስቀድመዋል። ነገር ግን በሺህ ዩሮዎች የሚቆጠር ቀዶ ሕክምና የተደረገላትን ሰው በአንዲት ወረቀት እጦት ለስትሮክ መተው የመጀመሪያውንም ወጪ ማባከን ነው። ዳባት ደግሞ ከሌላው ወረዳ የተሻለ ዕድል አላት። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በወረዳው ቀበሌዎች ልደትና ሞትን ቤት ለቤት እየተከታተለ የሚመዘግብ የምርምር ማዕከል አለው። ሰው ሲሞት የቤተሰቡን ቃል ተቀብሎ የሞቱን ምክንያት ለማወቅ እስከ ደጃፍ የሚሄድ ተቋም፣ በሕይወት ያሉትን የቫልቭ ታካሚዎች ቆጥሮ የት እንዳሉ ለማሳወቅ የሚሳነው አይመስለኝም።

ሒሳቡን ለማኅበራችን አቅርቤዋለሁ። እኔ በምገዛበት ዋጋ አንዲት የመለኪያ ወረቀት 5 ዩሮ ገደማ ናት። አንድ ሰው በወር አንዴ ቢመረመር በዓመት 60 ዩሮ፣ ሃያ ሰው 1,200 ዩሮ። የተበላሸችውን ወረቀትና ከምርመራ በላይ ምርመራ የሚያስፈልገውን ቢጨምሩበት 1,500 ይሁን። ቁጥራቸው ለረጅም ጊዜ የረጋላቸው ደግሞ በሐኪማቸው ፈቃድ ከወር በላይ ሊያራዝሙ ይችላሉ። መሣሪያውን አንዴ ገዝቶ መስጠት ቀላሉ ሥራ ነው፤ እንዲያውም ሁሉም የሚወደው እሱን ነው፣ ፎቶ ያምርበታላ። ወረቀቶቹ ግን ቀን አላቸው፣ ያልፍባቸዋል፤ በየዓመቱ መገዛት አለባቸው። ብሩ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ተለቅቆ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ካለፈ ወዲህ፣ የኛ ዩሮ አገር ቤት ብዙ ብር ሆኗል፤ ከውጭ የሚገባውን ሪኤጀንትና ወረቀት በብር የሚገዛው ሆስፒታል ግን በዚያው ልክ ተቸግሯል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ብር ሳይሆን ወረቀቱ ራሱ ነው። ሌላም ነገር አለ፦ መሣሪያው ክፍሉ በጣም ከቀዘቀዘ አይሠራም። የደባርቅን ጠዋት የሚያውቅ ሰው ይህን አይንቀውም፤ ክፍሉን የሚያሞቅ፣ ቁጥሩን የሚመዘግብ፣ ከጎንደር ሐኪም ጋር በስልክ የሚነጋገር አንዲት የሠለጠነች ነርስ ያስፈልጋል። ደመወዟ ከመንግሥት፣ ወረቀቱ ከእኛ ሊሆን ይችላል። ማኅበሩ ለሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛ የቀዶ ሕክምና ታካሚ ለመላክ ወይስ ለሦስት ዓመት የሚሆን ወረቀት ለመግዛት ድምፅ ይሰጣል። ድምፄ ለወረቀቱ ነው፤ ከአባላቱ ግማሹ አልተስማሙም።