ደም ልገሳ ከዘመቻ ወደ ልማድ ይሻገር

ደም በፋብሪካ የማይመረት፣ ከሰው በቀር ሌላ ምንጭ የሌለው በመሆኑ፣ በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም የፈሰሳት እናት፣ በመኪና አደጋ የተጎዳ መንገደኛ ወይም በወባ ምክንያት ደሙ ያነሰ ሕፃን በሕይወት መትረፋቸው አስቀድሞ ደም የለገሰ ሰው በመኖሩ ላይ የተመሠረተ ነው። ይሁን እንጂ በአገራችን ብዙ ሰው ደም የሚለግሰው ዘመቻ ሲታወጅ ወይም ከባድ አደጋ ሲሰማ ነው፤ በዚያን ጊዜ የሚታየው ርኅራኄ የሚያኮራ ቢሆንም የዓመቱን ፍላጎት ሊሸፍን አይችልም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የተለገሰ ደም በማቀዝቀዣ ውስጥ ቢቀመጥም በተለመደው አያያዝ ከ35 ቀናት በላይ አይቆይም፤ ደም እንዲረጋ የሚያግዙት ፕላትሌት የተባሉት ጥቃቅን የደም ክፍሎች ደግሞ የሚቆዩት 5 ቀናት ያህል ብቻ ነው። የደም ዓይነቶችን ለይቶ ያሳወቀው ካርል ላንድስታይነር በተወለደበት ዕለት፣ ሰኔ 7 ቀን፣ በሚከበረው የዓለም የደም ለጋሾች ቀን የተሰበሰበ ደም ነሐሴ ሳይገባ ጊዜው ያልፍበታል፤ ከዋነኞቹ ለጋሾች መካከል የሆኑት ተማሪዎች የሚበተኑትም በዚሁ ክረምት ነው።

ክምችቱ ሲሳሳ ጫናው የሚያርፈው በታካሚው ቤተሰብ ላይ ነው። የደም ባንክ ሥራ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ከቀይ መስቀል ማኅበር ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከመዛወሩ በፊት አብዛኛው ደም ይገኝ የነበረው በምትክ ልገሳ፣ ማለትም ታካሚው ለሚወስደው ደም ዘመዶቹ በምትኩ እንዲለግሱ በሚጠየቁበት አሠራር ነበር። ይህ አሠራር ከሩቅ ገጠር በሪፈር መጥቶ በከተማ ዘመድ የሌለውን ታካሚ የሚበድል ከመሆኑም በላይ ለደኅንነትም አያመችም፤ ሕመምተኛውን ለማዳን የቸኮለ ዘመድ ስለ ራሱ ጤንነት ሲጠየቅ እውነቱን ሊሸሽግ ይችላልና። የተለገሰ ደም ሁሉ ለኤች አይ ቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ እና ሲ እንዲሁም ለቂጥኝ ይመረመራል፤ ሆኖም ቫይረስ ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ በምርመራ ሳይታይ የሚቆይበት ጊዜ ስላለ፣ ያለ ግፊትና ያለ ክፍያ በየጊዜው የሚለግስ ጤናማ ሰው ከሁሉ የተሻለ ዋስትና ነው።

ብዙዎችን ወደ ኋላ የሚያስቀረው ደም መስጠት አቅም ያሳጣል የሚለው ፍርሃት ነው። ከአንድ ለጋሽ የሚወሰደው ከ450 ሚሊ ሊትር አይበልጥም፤ በአዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ያለው ግን 5 ሊትር ገደማ ሲሆን፣ የጎደለው ፈሳሽ በአንድና በሁለት ቀን፣ ቀይ የደም ሴሎቹም በሳምንታት ውስጥ ይተካሉ።

የዚህ ጋዜጣ አቋም ኃላፊነቱ በተማሪዎች ትከሻ ላይ ብቻ መጣል የለበትም የሚል ነው። በየወሩ የሚሰበሰቡ ዕድሮች፣ ባንኮችና ፋብሪካዎች የልገሳ ቀናቸውን በዓመቱ የሥራ ዕቅድ ውስጥ ሊያስገቡ፣ የደም ባንኩም በዐቢይ ጾምና በረመዳን ወቅት ተንቀሳቃሽ ቡድኖቹን ከማፍጠሪያ ሰዓት በኋላ ሊያሰማራ ይገባል። ዕድሜው ከ18 እስከ 65 ዓመት የሆነ፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ ግራም ያላነሰ ጤናማ ሰው ሁሉ በየሦስት ወሩ መለገስ ስለሚችል፣ ከዚህ ቀደም የለገሱ አንባቢያን ቀጣዩን ቀን ከወዲሁ እንዲወስኑ፣ ያልለገሱትም በሐምሌና በነሐሴ እንዲጀምሩ ጋዜጣው ይጠይቃል።